አዲስ መዝሙር ወደ ቅዳሴ ከመግባቱ በፊት፦ ግጥሙን በአስተምህሮ መፈተሻ መመሪያ

ስብከት ይረሳል፤ መዝሙር ግን ከምእመኑ ጋር ቤት ድረስ ይሄዳል። እሁድ በቅዳሴ የተዘመረ አዝማች ሰኞ ወጥ ሲሠራ፣ ማክሰኞ ልጅ ሲታዘል ይንጎራጎራል። ትምህርተ ክርስቶስን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ስለ ቅዱስ ቁርባንና ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚያምነውን የተማረው ከመዝሙር ሊሆን ይችላል። የግጥምን ጉልበት መናፍቃንም ያውቁት ነበር። በአራተኛው መቶ ዘመን አርዮስ ትምህርቱን «ታሊያ» በተባለ ግጥም አሰራጨ። በሶርያውያን ዘንድም የበርዴሳን ወገን መዝሙሮች ሕዝቡን ሲስቡ፣ በ373 ያረፈው ቅዱስ ኤፍሬም መልሱን በመዝሙር ሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ የጥንት ታሪክ ሆኖ አልቀረም። በ2020 የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ የአስተምህሮ ኮሚቴ የመዝሙር ግጥሞችን ለመመዘን የሚረዳ ሰነድ አዘጋጀ። በቁምስናዎች ለዓመታት የተዘመሩና ብዙዎች የሚወዷቸው መዝሙሮች በስም ተጠቀሱ፤ ጉድለቶቹም በስድስት ርእስ ተከፈሉ፦ ስለ ቁርባን፣ ስለ ሥላሴ፣ ስለ እግዚአብሔርና ከሰው ጋር ስላለው ግንኙነት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ አይሁድ ሕዝብ፣ ስለ ሰው ማንነት። መነሻው የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ያወጣው ሰነድ ነው። የዚያ ሰነድ ቁጥር 121 ለመዝሙር የሚሆኑ ቃላት ከካቶሊክ ትምህርት ጋር የሚስማሙ፣ በተለይም ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከሥርዓተ አምልኮ ምንጮች የተቀዱ እንዲሆኑ ያዝዛል።

ይህ መመሪያ ለመዘምራን አስተባባሪዎች፣ ለግጥም ደራሲዎችና በቁምስናቸው መዝሙር ለሚመርጡ ሁሉ ነው። መነሻ ሐሳቡ አንድ መዝሙር ሁለት ጊዜ መፈተን አለበት የሚል ነው፤ መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ አብረውት ከሚዘመሩት ጋር። ግልጽ ኑፋቄ ያለበት መዝሙር ጥቂት ነው። ጉዳቱ የሚበዛው እያንዳንዱ ስንኝ ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ መዝሙሮቹ ሁሉ ስለ አንድ ነገር ብቻ እየተናገሩ ስለ ሌላው ዓመቱን ሙሉ ዝም ሲሉ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰውና መጽሐፍ ያዘጋጁ

ፍተሻውን ብቻዎን አይሥሩ። ሦስት ሰው ይበቃል፦ ዜማ የሚያውቅ፣ ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማረ፣ የአማርኛ ግጥም የሚገባው። በጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ቅዱስ፣ «የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ» እና የቅዳሴ መጽሐፍ ይኑሩ። የመዝሙሩን ግጥም ከአዝማቹ ጋር ሙሉ በሙሉ በወረቀት አውጥተው ለእያንዳንዱ ሰው ያድሉ። ከቃል የሚዘመር ከሆነ መጀመሪያ ይጻፍ፤ በየመዘምራኑ ቃሉ እየተለዋወጠ ስለሚሄድ፣ ስሕተት ያሉት ነገር የደራሲው ሳይሆን የአንድ ዘማሪ የአፍ ልማድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ደረጃ 2፦ መዝሙሩ የሚገባበትን ቦታ ይለዩ

ግጥሙ እንከን ባይኖረውም ቦታው ስሕተት ሊሆን ይችላል። በላቲን ሥርዓት የቅዳሴ መጽሐፉ ጠቅላላ መመሪያ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የ«ክብር ለእግዚአብሔር በአርያም» ቃል በሌላ ጽሑፍ አይተካም (ቁጥር 53)። በንባባት መካከል ባለው መዝሙረ ዳዊት ፋንታ ሌላ መዝሙር አይዘመርም (ቁጥር 61)። እንደ «የእግዚአብሔር በግ» ያሉት የቅዳሴው ቋሚ ዜማዎችም በሌላ አይለወጡም (ቁጥር 366)። ለምርጫ ክፍት የሆኑት በዋናነት የመግቢያ፣ የመባና የቁርባን ጊዜያት ናቸው፤ ለእነዚህም የጳጳሳት ጉባኤው ወይም የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ የፈቀደው መዝሙር ያስፈልጋል።

የግዕዝ ሥርዓት የሚከተሉ ከሆነ እነዚህ ቁጥሮች እርስዎን በቀጥታ አይመለከቱም። የራስዎ ሥርዓት የራሱ የተወሰነ ዜማና ደንብ ስላለው፣ ተጨማሪ የአማርኛ መዝሙር የት እንደሚፈቀድ ከቆሞሱ ወይም ከጳጳሱ ይጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው የአስተምህሮ ፍተሻ ግን ለሁለቱም ሥርዓት ይሠራል።

ደረጃ 3፦ ዜማውን አውጥተው ግጥሙን ያንብቡ

ጥሩ ዜማ ዳኝነትን ያደክማል። ስለዚህ አንዱ ሰው ግጥሙን እንደ ተራ ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ሲነበብ ሦስት ነገር በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ፦ ማን ይናገራል? ለማን ይናገራል? በእያንዳንዱ ስንኝ ሥራውን የሚሠራው ማን ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ያወጣል። «ተሰበሰብን፣ ሠራን፣ ገነባን፣ አበራን» እያለ የሚሄድ ግጥም እግዚአብሔርን በስም ቢጠራም የሥራው ባለቤት ምእመኑ ነው። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ በመዝሙረ ዳዊትም «እኔ» እና «እኛ» ሞልተዋል። ነገር ግን እዚያ ሰው የሚጮኸው፣ የሚለምነው፣ የሚያመሰግነውና የሚጸጸተው ወደ እግዚአብሔር ነው። መዝሙሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእርስ በርስ ምስጋና ብቻ ከሆነ፣ ስብሰባው ራሱን እያመሰገነ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ደረጃ 4፦ ስለ ቁርባን የሚለውን ይመዝኑ

ከስድስቱ ርእሶች ረጅም ጊዜ የሚጠይቀው ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ ኅብስቱና ወይኑ በእውነት የክርስቶስ ሥጋና ደም እንደሚሆኑ፣ ቅዳሴውም የመስቀሉን መሥዋዕት የሚያቀርብልን እንደሆነ ታስተምራለች። አንድ የቁርባን መዝሙር ይህን ሁሉ በስድስት ስንኝ እንዲያስረዳ አይጠበቅበትም፤ ትምህርቱን ማፍረስ ግን የለበትም። የአሜሪካው ኮሚቴ ከጠቀሳቸው አንዱ ከአፍሪካ አሜሪካውያን የመንፈሳዊ መዝሙር ቅርስ የመጣው «ተንበርክከን አብረን ኅብስት እንቁረስ» የሚለው ነው። መዝሙሩ ልብ የሚነካ ቢሆንም፣ በቁርባን ሰዓት ሲዘመር ተቀባዩ የሚወስደው ኅብስትና ወይን ብቻ ይመስላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ኅብስት» የሚለው ቃል ስለተገኘ ብቻ መዝሙር አይጣልም። ጌታ ራሱን የሕይወት ኅብስት ብሎአል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ስለምንቆርሰው ኅብስት ጽፏል። ነገር ግን ጳውሎስ በዚያው ስፍራ «ጽዋ» እንጂ «ወይን» አይልም፤ ኅብስቱም የክርስቶስ ሥጋ፣ ጽዋውም የደሙ ኅብረት መሆኑን ወዲያው ይናገራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብዎ እነዚህን ነው፦ ኅብስቱ የማን እንደሆነ ግጥሙ ይናገራል? ከተቀደሰ በኋላ ያለውን ጽዋ «ወይን» ብሎ ይጠራዋል? ማዕድ ሲል መሥዋዕቱን ጨርሶ ይረሳዋል? ክርስቶስ በቁርባኑ የሚገኘው በቃሉና በሥልጣኑ ነው ወይስ በስሜታችን ሙቀት?

ደረጃ 5፦ ሥላሴንና የእግዚአብሔርን ስም ይፈትሹ

በፍጥነት በሚጻፉ ግጥሞች ውስጥ የሚያጋጥመው ስሕተት የአካላት መደባለቅ ነው። ቤት እንዲመታ ሲባል አብ በመስቀል ይሞታል፤ ወይም መንፈስ ቅዱስ «ኃይል» ብቻ ሆኖ አካልነቱ ይጠፋል። እያንዳንዱን «አባት»፣ «ጌታ»፣ «መንፈስ» አስምረው፣ የተነገረለት ሥራ የእርሱ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሌላው «አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ» የሚለውን «ፈጣሪ፣ አዳኝ፣ ቀዳሽ» በሚል መተካት ነው። እነዚህ ማዕረጎች በምስጋና ውስጥ ሲገቡ ችግር የለባቸውም፤ የሦስቱ አካላት መጠሪያ ሆነው ሲተኩ ግን ሥራውን ተናግረው በአካላቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ይደብቃሉ። ቫቲካን በ2008 በዚህ ዓይነት ቃል የተፈጸመ ጥምቀት ጥምቀት እንዳልሆነ መልስ መስጠቷ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል።

በዚያው ዓመት በጁን 29 የቫቲካን የመለኮታዊ አምልኮ ጉባኤ፣ በካርዲናል ፍራንሲስ አሪንዜ ፊርማ፣ በዕብራይስጥ በአራት ፊደል የሚጻፈው የእግዚአብሔር ስም በካቶሊክ አምልኮ፣ በመዝሙርም ሆነ በጸሎት፣ እንዳይጠራ አዟል። በጥንት ልማድ በቦታው «ጌታ» ይባላል። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ አሳታሚዎች የታወቁ መዝሙሮችን ቃል አስተካክለዋል፤ የዳን ሹት «ዩ አር ኒር» የተሰኘው መዝሙር አንዱ ነው። «ያህዌ» የሚለው ስም ከወንጌላውያን መዝሙሮች ጋር ወደ አማርኛም ስለገባ፣ ይህን ነጥብ የትኛውም የመዘምራን ቡድን መዝለል የለበትም።

ደረጃ 6፦ ቤተ ክርስቲያን ማን ሠራት?

የአሜሪካው ሰነድ እዚህ ላይ ከጠቀሳቸው የታወቀው የእኅት ዴሎረስ ደፍነር «ሲንግ ኤ ኒው ቸርች» ነው፤ ርእሱ በአማርኛ «አዲስ ቤተ ክርስቲያን ዘምሩ» እንደ ማለት ነው። ወቀሳው ቀላል ነው፦ ቤተ ክርስቲያንን የመሠረታት ክርስቶስ ነው፤ ምእመናን በዝማሬያቸው አዲስ አይፈጥሯትም። መታደስ፣ መመለስ፣ መቀደስ ለእኛ ይባላል፤ መመሥረት ግን የእርሱ ነው። በግጥሙ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን በጎ ሰዎች ተስማምተው ያቋቋሟት ማኅበር ከመሰለች፣ ስንኙ መታረም አለበት።

ደረጃ 7፦ የሕማማት መዝሙሮችን ለብቻ ይመልከቱ

በ1965 የወጣው «ኖስትራ ኤታቴ» በቁጥር 4፣ በክርስቶስ ሕማም የተፈጸመው በዚያ ዘመን በነበሩት አይሁድ ሁሉ ላይ ያለ ልዩነት፣ ይልቁንም በዛሬዎቹ አይሁድ ላይ ሊጫን እንደማይችል ይናገራል። እንግሊዛዊው ሲድኒ ካርተር በ1963 የጻፈው «ሎርድ ኦቭ ዘ ዳንስ» በአሜሪካው ሰነድ የተጠቀሰው በዚህ ምክንያት ነው። በአማርኛም በዐቢይ ጾምና በሰሙነ ሕማማት ጥፋቱን በጅምላ «በአይሁድ» ላይ የሚጥሉ ስንኞች ካሉዎት ይለዩዋቸው። ትምህርተ ክርስቶስ (ቁጥር 598) ጣቱን የሚቀስረው ወደ ኃጢአተኞች ሁሉ፣ ወደ ዘማሪውም ጭምር ነው። «እነርሱ ሰቀሉት» የሚለው «ኃጢአቴ ሰቀለህ» ሲሆን ትምህርቱ ይቃናል፤ ለንስሐ መዝሙርም ይበልጥ ይስማማል።

ደረጃ 8፦ ሰውንና ጸጋን ይመልከቱ

እዚህ ስሕተቱ በሁለት አቅጣጫ ይመጣል። በአንድ በኩል ሰው በራሱ ጥረት የሚድን፣ ኃጢአት የሌለበት፣ ንስሐ የማያስፈልገው ሆኖ ይሣላል። በሌላ በኩል ሥጋው እንደ እስር ቤት፣ ፈቃዱ እንደ ሞተ፣ ድኅነቱም ዛሬ አንድ ጊዜ ተወስኖ ያለቀ ተደርጎ ይነገራል። የካቶሊክ ትምህርት በእግዚአብሔር አርኣያ የተፈጠረ፣ በኃጢአት የቆሰለ፣ በጸጋ የሚፈወስና ከጸጋው ጋር የሚተባበር ሰውን ያውቃል። በቀብር ላይ የሚዘመሩ መዝሙሮችንም በዚሁ መለኪያ ይዩአቸው፤ ስለ ሥጋ ትንሣኤ ዝም ብለው ስለ ነፍስ መብረር ብቻ እንዳይናገሩ።

የእመቤታችን መዝሙሮችም እዚህ ይገባሉ። በአማርኛ ስለ ማርያም የሚዘመረው ብዙና ጥልቅ ፍቅር ያለው ነው። «ሉመን ጀንሲዩም» በቁጥር 60 እና 62፣ አማላጅነቷ ከክርስቶስ ብቸኛ መካከለኛነት የሚመነጭና ከእርሱ ምንም የማይቀንስ መሆኑን ያስተምራል። መለኪያው አጭር ነው፦ ግጥሙ ውስጥ ልጇ አለ? ጸጋው ከማን ይመጣል? «ለምኝልን» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ልጇን አስረስቶ ሁሉን ለእርሷ መስጠት ሌላ ነው።

ደረጃ 9፦ ከሌሎች የመጣውን መዝሙር በትዕግሥት ይዩ

የአማርኛ ተናጋሪ ካቶሊኮች በኦርቶዶክስና በወንጌላውያን መዝሙር መካከል ይኖራሉ፤ ካሴቱም ስልኩም የጋራ ነው። መዝሙሩ ከሌላ ቤት መምጣቱ ብቻውን አያስጥለውም። ከኦርቶዶክስ ለመጣው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነገረውን፣ ከወንጌላውያን ለመጣው ስለ ምሥጢራት፣ ስለ ቅዱሳንና ስለ ድኅነት የተነገረውንና የተተወውን ይመልከቱ። የራሳችን ደራሲ የጻፈውንም በተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈትኑት፤ ደራሲው ካቶሊክ ስለሆነ ብቻ ግጥሙ ፍተሻ አያልፍም።

ደረጃ 10፦ በምሳሌ ይለማመዱ

የሚከተለው ለልምምድ ሆን ተብሎ በጉድለት የተጻፈ ነው፦

ማዕዱን ዘረጋን፣ እርስ በርስ ተጠጋን፣
ኅብስትና ወይኑን ተካፍለን አወጋን፤
ፍቅራችን ጋበዘው፣ ጌታ መሀል ገባ፣
በእጃችን ድካም አዲስ ቤቱ ተገነባ።

አንድም ስንኝ ክርስቶስን አይክድም። ሆኖም ማዕዱን የዘረጋነው እኛ ነን፤ የተካፈልነው ወይን ነው፤ ጌታ የመጣው ፍቅራችን ስለጠራው ነው፤ ቤቱንም የሠራነው እኛ ነን። ግጥሙ በደረጃ 4 እና 6 ጥያቄዎች ሁሉ ይወድቃል። ሲታረም፦

ማዕዱን ዘረጋህ፣ ጠርተኸን ተጠጋን፣
በሥጋህ፣ በደምህ ሰጠኸን ጸጋን፤
ሳንወድህ ወደድኸን፣ ወደ እኛ ገባህ፣
ቤትህን በደምህ አንተው ገነባህ።

የኅብረቱ ሙቀት አልጠፋም፤ ቤት አመታቱም አልተበላሸም። የተለወጠው የሥራው ባለቤት ነው። በቡድንዎ ውስጥ ይህን ልምምድ በሁለትና በሦስት ግጥም ይድገሙት፤ ዓይን የሚከፈተው በማረም ነው።

ደረጃ 11፦ በአራት ይክፈሉ

የተፈተኑትን መዝሙሮች ሁሉ ከአራቱ በአንዱ ያስቀምጡ።

ይቆይ፦ ትምህርቱም ቦታውም ትክክል ነው።

ይዛወር፦ ለቅዳሴ አይሆንም፤ ለወጣቶች ጉባኤ፣ ለቤት ጸሎት ወይም ለሠርግ ግብዣ ግን ይሆናል። ብዙ «ችግር ያለባቸው» መዝሙሮች እዚህ መልካም ቤት ያገኛሉ።

ይታረም፦ አንድ ወይም ሁለት ስንኝ ሲስተካከል ይድናል። ደራሲው በሕይወት ካለ ራሱን ያነጋግሩ፤ የታተመ ከሆነ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ቃሉን አይቀይሩ። አብዛኛው ደራሲ በአክብሮት ሲጠየቅ ራሱ የተሻለ ስንኝ ያመጣል።

ይቅር፦ አዝማቹ ራሱ ስሕተት ከሆነ። በየስንኙ መካከል የሚመለሰው አዝማች ነውና፣ ጥሩ ስንኞች መጥፎ አዝማችን አያድኑም።

በጥርጣሬ የቀሩትን ዝርዝር፣ ከስንኙና ከምክንያቱ ጋር፣ በአንድ ገጽ ለቆሞሱ ይስጡ። የመጨረሻው ፍርድ የጳጳሱ ነው፤ የእርስዎ ሥራ ጥያቄውን አጥርቶ ማቅረብ ነው።

ደረጃ 12፦ ዓመቱን በአንድ ላይ ይመልከቱ

አሁን ሁለተኛው ፈተና ይመጣል። በዓመቱ የዘመራችኋቸውን መዝሙሮች በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሩ። በአጠገባቸው ዓምዶች ክፈቱ፦ ሥላሴ፣ መስቀልና መሥዋዕት፣ የክርስቶስ በቁርባን መገኘት፣ ትንሣኤ፣ መንፈስ ቅዱስ፣ ንስሐ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እመቤታችንና ቅዱሳን፣ ድኾችና ፍትሕ፣ የመጨረሻው ፍርድ። እያንዳንዱ መዝሙር የሚናገርበትን ምልክት አድርጉ።

ባዶ የሆነው ዓምድ ምእመናናችሁ በዝማሬ ያልተማሩት ትምህርት ነው። የአሜሪካው ኮሚቴም በቁርባን መዝሙሮች ላይ ያነሣው ሥጋት ይኸው ነበር፦ ሰው ለዓመታት አንድን ዓይነት መዝሙር ብቻ ከተመገበ፣ ማንም ሳይክድለት እምነቱ ይጎድላል። ስለዚህ አዲስ ግጥም ስታስጽፉ ደራሲውን «የሚያምር ነገር ጻፍልን» አትበሉት፤ ባዶውን ዓምድ አሳዩትና የሚሆነውን የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ ስጡት።

ደረጃ 13፦ ለሕዝቡ በጥበብ ይንገሩ

የሰው እናት በተቀበረችበት ቀን የተዘመረ መዝሙር «ኑፋቄ ነው» ተብሎ በማስታወቂያ አይነሣም። የሚቀረውን መዝሙር ቀስ በቀስ በሌላ ይተኩ፤ አዲሱን ከቅዳሴ በፊት ደጋግመው ያለማምዱ፤ የሚጠይቅ ካለ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩ። መዘምራኑ ራሳቸው ለምን እንደተለወጠ ካላወቁ ግን በሦስተኛው ሳምንት አሮጌው ይመለሳል፤ ስለዚህ ማብራሪያው ከእነርሱ ይጀምር።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክሩ። የመጀመሪያውን ስብሰባ ምእመኑ አብዝቶ በሚወዳቸው፣ ወረቀት ሳያይ በሚዘምራቸው ሦስት መዝሙሮች ይክፈቱ። ለመንካት የሚያስፈሩት እነርሱ ናቸው፤ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ብዙ የሚያስተምሩትም እነርሱ ናቸው።